«የእርጅና ነው» ብላችሁ አትተዉት፤ ሕክምና አለው

ወለቃ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ የቤተ እስራኤል ሴቶች በሸክላ ሥራቸው ያስጠሯት መንደር ናት። ሸክላው ዛሬም መንገድ ዳር ይሸጣል። አፈሩ፣ ውሃውና ማገዶው ግን በአብዛኛው የሚመጣው በሴት ጀርባ ነው። ዛሬ የምጽፈው ያ ሸክም ከወገብ በታች ስለሚያደርሰው ጉዳት ነው።

ማህፀንን፣ ፊኛንና አንጀትን ከሥር ደግፈው የሚይዙ ጡንቻዎች አሉ። በተራዘመ ምጥ፣ በወሊድ ብዛትና በሸክም ሲላሉ ማህፀን ይወርዳል፣ ሽንት ያመልጣል። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ የዳባት ወረዳ ጥናት፣ ከተመረመሩት ሴቶች ከግማሽ በሚበልጡት ላይ የማህፀን ወይም የብልት ግድግዳ መውረድ አግኝቷል። የሚወርድ ነገር እንደሚሰማቸው የተናገሩት ግን ጥቂቶች ነበሩ። በቀን 5 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከባድ ነገር መሸከም፣ የተራዘመ ምጥና በደጋ ገጠር መኖር ከችግሩ ጋር ተያይዘው ተገኝተዋል።

አንዲት እናት ለምርመራ ስትመጣ ብዙ ጊዜ «ወገቤን ያመኛል» ብላ ትጀምራለች። «እማማ፣ ሲያስልዎት ሽንት ያመልጥዎታል? ቁጢጥ ሲሉ የሚወጣ ነገር አለ?» ብለን ስንጠይቅ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠግታ «እሱማ ከመጨረሻው ልጄ ወዲህ ነው» ትላለች። ያ ልጅ አድጎ፣ አግብቶ፣ ወልዷል።

ምልክቶቹን እንለያቸው፦

🔹 ሽንት ሲያስሉ፣ ሲስቁ ወይም ሲሸከሙ የሚያመልጥ ከሆነ፣ የጡንቻ መላላት ነው። ፈስን እንደመያዝ ጡንቻውን ጥቂት ሰከንድ አጥብቆ መልቀቅ፣ 10 ጊዜ፣ በቀን 3 ዙር፤ ቢያንስ ለ3 ወር።

🔹 ድንገት አጣድፎ የሚያመልጥ ከሆነ፣ የፊኛ ችግር ነው። ሽንትን ቀስ በቀስ ማቆየት መልመድና መድኃኒት ይረዳሉ። ቡናውን ከአቦል እስከ በረካ መጠጣት ያባብሰዋል። ውሃ መተው ግን መፍትሔ አይደለም።

🔹 ከአስቸጋሪ ምጥ በኋላ ሌት ተቀን ሳያቋርጥ የሚፈስ ከሆነ፣ ፊስቱላ (በፊኛና በብልት መካከል የተፈጠረ ቀዳዳ) ሊሆን ይችላል። ይህን የሚያክመው ሐምሊን ፊስቱላ በባሕር ዳርም ማዕከል አለው።

🔹 ማህፀን ከወረደ፣ ደግፎ የሚይዝ ቀለበት ወይም ቀዶ ሕክምና አለ። ቀለበቱ ክትትል ይፈልጋል፤ ተረስቶ ከቆየ ያቆስላል።

ስለ ቀዶ ሕክምናው አንድ ነገር ልጨምር። ለማህፀን መውረድ በብልት በኩል የሚገባውን ሰው ሠራሽ መረብ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2019 እ.ኤ.አ. ከገበያ እንዲወጣ አዟል። ስለዚህ ሐኪም «በራስሽ ሥጋ ሰፍቼ እመልሰዋለሁ» ቢላችሁ ኋላ ቀር ሕክምና ሰጠኝ አትበሉ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ያለው ነው። ቢያንስ ለ6 ሳምንት ከባድ ነገር እንዳታነሳ የተነገራት ሴት ቤቷ ስትደርስ ጀሪካኑ ይጠብቃታል። ቤተሰብ ሸክሙን ካልተካፈለ የተሰፋው ተመልሶ ሊወርድ ይችላል። ሐኪሙ የሚችለው መስፋት ነው፤ ውሃ መቅዳቱ የባልና የልጆች ድርሻ ነው።

እህቶቼ፣ ምልክቱ ካለባችሁ በአቅራቢያችሁ ላለው ጤና ጣቢያ ተናገሩ፤ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሪፈር ጠይቁ። ወንድሞቼ፣ ይህን ጽሑፍ ለእናታችሁ አንብቡላት፤ ነገ ጠዋት ደግሞ ጀሪካኑን እናንተ ያዙት።