የግራና የቀኝ እግር እርምጃ ልዩነት እንዴት ይለካል?

ስትሮክ ያጋጠመው ወይም እግሩ የተሰበረ ሰው ዳግም መራመድ መቻሉ ብቻውን የማገገሙ ማረጋገጫ ተደርጎ የሚወሰድበት ጊዜ ጥቂት አይደለም፡፡ ይሁንና ታካሚው ክፍሉን አቋርጦ መሄዱ ሁለቱ እግሮቹ ሥራውን እኩል መከፋፈላቸውን አያሳይም፡፡ ጉልህ ማነከስ በዓይን ቢለይም አነስተኛ ልዩነት ልምድ ካለው ባለሙያ እይታ እንኳ ሊያመልጥ ይችላል፡፡

የአካሄድ ልኬት መሠረቱ አንድ እግር መሬት ከነካበት ቅጽበት ጀምሮ ያው እግር ተመልሶ መሬት እስኪነካ ድረስ ያለው ዑደት ነው፡፡ በጤናማ ሰው መደበኛ አካሄድ እያንዳንዱ እግር ከዑደቱ 60 በመቶ ያህሉን መሬት ረግጦ፣ 40 በመቶ ያህሉን ደግሞ በአየር ላይ ወደፊት እየተንቀሳቀሰ ያሳልፋል፡፡

ልኬቱ የረቀቁ መሣሪያዎች ከመፈጠራቸው በፊት የተጀመረ ነው፡፡ ፈረንሳዊው የነርቭ ሐኪም ዦርዥ ዢል ደ ላ ቱሬት እ.ኤ.አ. በ1886 ባሳተሙት ጥናት የታካሚዎችን ውስጥ እግር በብረት ዝገት ዱቄት ቀብተው በረጅም ወረቀት ላይ በማስኬድ ዱካቸውን ለክተዋል፡፡ በአሁኑ ወቅት ካሜራ፣ ግፊት የሚለካ ምንጣፍና በወገብ ወይም በእግር ላይ የሚታሰሩ አነስተኛ መሣሪያዎች በሥራ ላይ ይገኛሉ፡፡ ያም ሆኖ የእርምጃን ርዝመት ለማወቅ በውኃ የራሰ እግር ዱካ፣ ጠመኔና ሜትር ይበቃሉ፡፡

በስፋት ከሚታወቁት ስሌቶች አንዱ በሁለቱ እግሮች መካከል ያለውን ልዩነት ለአማካያቸው አካፍሎ በ100 ማባዛት ነው፡፡ የቀኝ እርምጃ 60፣ የግራ 50 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ልዩነቱ 10፣ አማካዩ 55፣ ውጤቱም 18 በመቶ ገደማ ይሆናል፡፡ ዜሮ ፍጹም እኩልነትን ያመለክታል፤ ጤናማ ሰዎችም ቢሆኑ ግን መጠነኛ ልዩነት አላቸው፡፡

ብዙ ጊዜ ስህተት የሚፈጠረው በውጤቱ አተረጓጎም ላይ ነው፡፡ አጭር የተራመደው እግር የታመመው ነው ብሎ መደምደም አይቻልም፡፡ ቀኝ እግሩን የሚያመው ሰው በዚያ እግር ላይ ለረጅም ጊዜ መቆም ስለማይፈልግ ጤነኛው ግራ እግሩ ፈጥኖ ያርፋል፡፡ በዚህም ምክንያት የሚያጥረው የጤነኛው እግር እርምጃ ሊሆን ይችላል፡፡ ስለሆነም እያንዳንዱ እግር መሬት ላይ የቆየበት ጊዜ አብሮ መለካት አለበት፡፡ የአካሄድ ፍጥነትም እንዲሁ መመዝገብ ይኖርበታል፤ ሁለቱም እግሮቻቸው እኩል የደከሙ አዛውንት ለዜሮ የቀረበ ውጤት ሊያስመዘግቡ ይችላሉና፡፡

ጉዳዩ ሰው ሠራሽ እግር ለሚጠቀሙ ዜጎች የበለጠ ክብደት አለው፡፡ አብዛኛውን ጊዜ ክብደታቸውን በቀሪው እግር ላይ ስለሚያሳርፉ፣ ከዓመታት በኋላ የዚያ እግር ጉልበት መገጣጠሚያ ለመሸርሸር የተጋለጠ ይሆናል፡፡ የሰው ሠራሹ እግር ርዝመት ወይም ማቀፊያ በትክክል አለመግጠሙም ልዩነቱን ያባብሳል፡፡ ከማስተካከያው በፊትና በኋላ የተወሰደ ልኬት ሥራው መሻሻል ማምጣቱን ያሳያል፡፡ ሁለቱ እግሮች በተፈጥሯቸው አንድ ስላልሆኑ ግን ፍጹም እኩልነትን ግብ ማድረግ ተጠቃሚውን ያለጥቅም ሊያደክም ይችላል፡፡

ልኬቶቹ እንዲነጻጸሩ ወለሉ፣ ጫማውና የአካሄዱ ፍጥነት በየጊዜው አንድ ዓይነት መሆን ይገባቸዋል፡፡ በለስላሳ ወለል ላይ የተገኘ ውጤት ታካሚው በኮብልስቶን ዳገት ላይ እንዴት እንደሚራመድ እንደማይናገርም ልብ ሊባል ይገባል፡፡ ውድ መሣሪያ ለመግዛት የሚያቅድ ተቋም አስቀድሞ ልኬቱን የሚተረጉም ባለሙያ መመደብና ውጤቱ በታካሚው ካርድ ላይ የሚሰፍርበትን አሠራር መዘርጋት ይኖርበታል፡፡