ግማሽ ዙር፦ ቆመው የሚነዱት ጄት ስኪና የፍርሃት ትክክለኛ ቦታ

ክሌይተን ጃኮብሰን አሜሪካዊ የሞቶክሮስ ተወዳዳሪ ነበር። በአቧራና በጉብታ መካከል በሚካሄድ የሞተር ብስክሌት እሽቅድምድም መውደቅ የሥራው አንድ ክፍል ነውና፣ ሰውየው ከደረቅ መሬት ጋር መላተሙ ሲሰለቸው ቢወድቁበትም ውሃ የሚቀበላቸው ሞተር የመሥራት ሐሳብ መጣለት። የመጀመሪያውን ናሙና በ1960ዎቹ አጋማሽ ሠራ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የካናዳው ቦምባርዲየር በ1968 ሲ-ዱ በሚል ስም ተቀምጠው የሚነዱትን ዓይነት አወጣ፤ ብዙ ሳይገፋበትም ተወው። የጃፓኑ ካዋሳኪ በበኩሉ በ1973 ቆመው የሚነዱትን ጄት ስኪ ለገበያ አቀረበ። ማሽኑ እንግዲህ ከጥንስሱ መውደቅን ታሳቢ አድርጎ የተሠራ ነው። እንዲህም ሆኖ ዓመታት የነዱበት ሰዎች እንኳ ባክፍሊፕ፣ ማለትም ከነማሽኑ በአየር ላይ የኋሊት ተገልብጦ ዙሩን ጨርሶ ማረፍ፣ ሲነሳ ጉልበታቸው ይከዳቸዋል። ብዙውን ጊዜ ይህ የድፍረት ማነስ ተደርጎ ይታያል፤ መድኃኒቱም «አትፍራ» ይባላል። ማሽኑ እንዴት እንደሚሠራ ላስተዋለ ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ፍርሃቱ ምክንያት አለው፤ ችግሩ ዘግይቶ መድረሱና ሊሠራበት በማይችልበት ቅጽበት ትእዛዝ መስጠቱ ነው።

ቆመው የሚነዱት ጄት ስኪ መቀመጫ የለውም። ነጂው ከኋላ ባለው ጠፍጣፋ ወለል ላይ ይቆምና ከፊት በማጠፊያ የተያያዘውን፣ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንቀሳቀሰውን ረጅም የመሪ ክንድ ይይዛል። ሞተሩ ከሆዱ ሥር ውሃ የሚስብ ፓምፕ ያሽከረክራል፤ ፓምፑ ውሃውን በጠባብ አፍ ወደ ኋላ ሲተፋው ማሽኑ ወደ ፊት ይስፈነጠራል። መሪው ሲዞር የሚዞረው ይኸው የውሃ መውጫ አፍ ነው። ከዚህ የሚከተለውን ጀማሪዎች በቀላሉ አይቀበሉትም፦ ነዳጅ የለቀቀ ሰው መሪም የለውም። እንቅፋት አይቶ ደንግጦ ጣቱን ከነዳጅ መስጫው ላይ ያነሳ ሰው ወደዚያው እንቅፋት ቀጥ ብሎ ይንሸራተታል። በሌላ አነጋገር ይህ ማሽን ገና ከመጀመሪያው ትምህርት ጀምሮ ድንጋጤ የሚያዘውን ሁሉ ይቀጣል። ማሽኑ አየር ላይ ሲሆን ደግሞ ፓምፑ የሚስበው ውሃ ስለሌለ መግፋትም መምራትም አይችልም፤ ሞተሩ በባዶ ይጮኻል እንጂ።

የባክፍሊፕ ምስጢር ያለው እዚህ ላይ ነው። ነጂው ሊሰበር ወደተቃረበ፣ ፊቱ ወደቆመ ማዕበል በነዳጅ ይሄዳል፤ ማዕበሉ የማሽኑን አፍንጫ ወደ ሰማይ ያቀናዋል፤ ነጂው በዚያው ቅጽበት የመሪውን ክንድ ወደ ራሱ ስቦ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ይጥላል፤ ፓምፑ ከውሃው እስኪወጣ ድረስም ነዳጁን አይለቅም። ከዚያ በኋላ ያለው የፊዚክስ ሥራ ነው። በሴኮንድ 5 ሜትር ፍጥነት ሽቅብ የተነሳ ነገር 1.3 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ወደተነሳበት ልክ ለመመለስ 1 ሴኮንድ ገደማ ብቻ ይፈጅበታል። ነጂው ውሃውን ሲለቅ ይዞት የተነሳውን የመሽከርከር መጠን አየር ላይ ሊጨምርበት አይችልም፤ ቢበዛ ሰውነቱን ወደ ማሽኑ ሰብስቦ ዙሩን ማፍጠን፣ ወይም ተዘርግቶ ማዝገም ነው የሚችለው። ጥሩ ማዕበል ከዙሩ ጥቂቱን ገና ውሃ ላይ ሳሉ ስለሚሠራው የአየሩ ድርሻ ከሚመስለው ያነሰ ነው። ሰው ከባሕር ዳር ሲያየው አየር ላይ የተሠራ ተአምር ይመስለዋል፤ ሥራው ግን ነጂው ከውሃ ከመውጣቱ በፊት ተጠናቋል።

ፍርሃት በመነሻው ቅጽበትና በዚህች አንድ ሴኮንድ ውስጥ ምን ያዛል? ነዳጅ ልቀቅ ይላል፤ አገጭህን ወደ ደረትህ አስጠግተህ ታች እይ ይላል፤ ሰውነትህን ዘርጋ ይላል፤ በመጨረሻም እጅህን ልቀቅ ይላል። የመጀመሪያው የግፊቱን መጠን ይቀንሳል፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ዙሩን ያዘገያሉ፤ አራተኛው ደግሞ ሰውየውን ከማሽኑ ሥር ያስቀምጠዋል። ለዓመታት የፍሪራይድ (በማዕበል ላይ የመዝለልና የመገልበጥ ጨዋታ) ነጂዎች መደበኛ መጫወቻ የነበረው ባለሁለት ምት ያማሃ ሱፐርጄት ብቻውን 140 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አራቱም ትእዛዞች ተደምረው የሚሰጡት ውጤት ግማሽ ዙር ነው፤ ይኸውም ራስ ወደ ታች፣ ማሽን ከላይ። ቦይ ሊዘል ተንደርድሮ ጠርዙ ላይ ሐሳቡን የቀየረ ሰው ከዘለለውም ካልዘለለውም ይልቅ እንደሚጎዳ ማለት ነው። የሞተር ብስክሌቱ ታሪክ ይህንኑ ያሳያል። የሞተር ብስክሌት ነጂው ኬሪ ሃርት በ2000 በሙሉ መጠን ሞተር ብስክሌት ባክፍሊፕ ሞክሮ ዙሩን ቢጨርስም ሲያርፍ ወደቀ፤ ከባድ ስብራት የደረሰበት ግን በቀጣዩ ዓመት በፊላደልፊያው የኤክስ ጌምስ ውድድር አየር ላይ ሞተሩን ለቆ በተፈጠፈጠ ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ በትክክል ሊጠይቅ ይችላል፦ ይህ ታዲያ ሰውን ወደ ገደል የሚገፋ ምክር አይደለም? አንዴ ከጀመርክ አትመለስ ማለት ለብዙ ወጣት አንገት መሰበር ምክንያት የሚሆን ፉከራ አይደለም? ጥያቄው ከባድ ነው፤ ውሃ ለስላሳ ነው በሚል ቀልድም አይመለስም። ማዕበል በሚሰበርበት አካባቢ ውሃው ብዙ ጊዜ ጥልቀት የለውም፤ ከሥሩም አሸዋ አለ። ከኋላ የሚተፋው የውሃ ግፊት በሰውነት ክፍት ቦታዎች ገብቶ የውስጥ አካል ሊቀድድ ስለሚችል፣ አምራቾቹ ራሳቸው የታችኛውን አካል ዌትሱት በተባለው የውሃ ልብስ መሸፈን እንደሚያስፈልግ ማሽኑ ላይ ጽፈው ይለጥፋሉ። ሄልሜት፣ ላይፍ ጃኬት፣ ነጂው ሲወድቅ ሞተሩን የሚያጠፋው የእጅ ገመድ፣ ይህ ሁሉ የፍርሃት ልጅ ነው፤ ባይፈራ ኖሮ ማንም አያስራቸውም ነበር። ስለዚህ ፍርሃት ባሕር ዳር ላይ ሙሉ ሥልጣን ይኑረው እላለሁ። ጥልቀቱን ይመርምር፣ ማዕበሉን ይምረጥ፣ አጠገብ ሌላ ነጂ መኖሩን ያረጋግጥ፣ ደክሞህ ከሆነ ዛሬ ይቅር ይበል። የጂምናስቲክ ስፖርተኛዋ ሲሞን ባይልስ በቶኪዮ ኦሊምፒክ፣ በ2021፣ ሁለት ዙር ተኩል ልትጠመዘዝ ተነስታ አንድ ዙር ተኩል ላይ አየር ውስጥ የት እንዳለች ስለጠፋባት ከቡድን ውድድሩ ራሷን አገለለች። ያ ፈሪነት አልነበረም፤ ውሳኔው የተሰጠው እግሯ መሬት ላይ ሳለ ነው። በእኔ እይታ ትክክለኛው የፍርሃት አጠቃቀም ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለውም።

ግን ሥልጣኑን ባሕር ዳር ማስቀረት በፈቃድ ብቻ የሚሆን አይደለም። የሥነ ልቦና ሊቁ አልበርት ባንዱራ በ1977 እንዳስረዱት፣ ሰው «እችላለሁ» የሚለውን እምነት በዋናነት የሚያገኘው ራሱ ሠርቶ ካየው ነገር ነው፤ የሌሎች ምሳሌነትና ማበረታቻ ከዚያ በታች ናቸው። ቪዲዮ ደጋግሞ ማየት፣ ከባሕር ዳር የሚጮኹ ጓደኞች፣ እነዚህ እምነት መስለው ይታያሉ እንጂ በዚያች ሴኮንድ ውስጥ አይገኙም። የሚገኘው ሰውነት ቀድሞ የሚያውቀው ነገር ነው። ለዚህም ነው የተሻለው መንገድ ረጅም የሆነው፦ ትራምፖሊን ላይ የኋሊት መገልበጥን ከማሽኑ ነጥሎ መልመድ፣ ጭንቅላት ወደ ኋላ ሲሄድ ዓይን ማረፊያውን ቀድሞ እንዲፈልግ ማስለመድ፣ በትንሽ ማዕበል ላይ ቀጥ ብሎ መዝለልና በወለሉ ላይ ባሉ የእግር ማሰሪያዎች ተይዞ ማረፍ፣ አፍንጫው በየቀኑ ጥቂት ከፍ እንዲል መሳብ፣ ማሽኑ ወዴት እንደሚወድቅ አውቆ ከእሱ ርቆ መውደቅን ሳይቀር መለማመድ። የሞተር ብስክሌቶቹ ነጂዎች ስፖንጅ የሞላ ጉድጓድ ሠርተው እየወደቁበት ተምረዋል፤ ትራቪስ ፓስትራና በ2006 ኤክስ ጌምስ ሁለት ዙር ተገልብጦ ያረፈው ከእንዲህ ያለ ልምምድ በኋላ ነው። የጄት ስኪ ነጂ ጥልቅ ውሃ አለው። ልዩነቱ ግን ውሃው ማሽኑንም ስለሚቀበል፣ የሚፈራው ከውሃው ይልቅ አብሮት የሚወድቀውን ነገር መሆኑ ነው።

ሌላው ተቃውሞ ገንዘብ ነው። ዛሬ ከካርቦን ፋይበር የተሠሩ ቀላል ገላዎች፣ ከፋብሪካው የሚበልጥ ጉልበት ያላቸው ባለሁለት ምት ሞተሮችና ሰፋፊ ፓምፖች ስላሉ ማዕበል በሌለበት የረጋ ውሃ ላይ ሳይቀር የሚገለበጡ አሉ፤ አፍንጫውን ውሃ ውስጥ ነክረው ሲመለስ በሚሰጣቸው ግፊት ይነሳሉ። ታዲያ ጉዳዩ የፍርሃት ሳይሆን የኪስ ነው ቢባልስ? በከፊል እውነት ነው። ካዋሳኪ በ2017 ያወጣው ባለአራት ምት ኤስኤክስ-አር 1498 ሲሲ ሞተር ይዞ 250 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ለእሽቅድምድም እንጂ ለግልበጣ አልተሠራም፤ በእሱ ለመገልበጥ የሚሞክር ሰው ቢፈራ አልፈርድበትም። ነገር ግን ቀላል ማሽን የሚቀንሰው የሚያስፈልገውን ግፊትና ከላይ የሚወድቀውን ክብደት ነው። አገጩን ወደ ደረቱ የሚያስጠጋውን ጡንቻ አይነካውም፤ ነዳጁን የሚለቀውን ጣትም አይቆልፈውም። እንዲያውም ብርቱ ማሽን ያልተዘጋጀን ሰው ቀድሞ ወደ አየር ያወጣውና ውሳኔውን አየር ላይ እንዲሰጥ ያስገድደዋል። ለጀማሪ ገንዘቡን ከትልቅ ሞተር ይልቅ ደህና ሄልሜትና ብዙ ነዳጅ ላይ ቢያወጣው የሚሻለው ለዚህ ነው፤ ነዳጁ ለብዙ ሰዓት ልምምድ ይሆነዋል።