ቤቱም ጋቢ ያስፈልገዋል፦ ስለ ኮሎምበስ ብርድ፣ ስለ አሮጌ አፓርትማና ስለ ማሞቂያ ቢል

በጃንዋሪ ወር ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ውስጥ ወደ አንድ አበሻ ቤት በእንግድነት ብትገቡ ከሁለት አንዱ ያጋጥማችኋል። ወይ ቤቱ እንደ አፋር በረሃ ግሎ ልጆቹ በካናቴራ ሲሯሯጡ ታያላችሁ፤ ወይ ደግሞ ቢል ተፈርቶ፣ ማሞቂያው ጠፍቶ፣ ባለቤቶቹ ጃኬታቸውን እንደለበሱ "ቤት ለእንግዳ!" ይሏችኋል። የፊተኞቹ በወሩ መጨረሻ ፖስታውን ሲከፍቱ ይደነግጣሉ። የኋለኞቹ ልጆች ሲያስሉ ይከርማሉ። የሁለቱም ቤት በሽታ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ የከፈሉበት ሙቀት በቀዳዳ ይወጣል።

ያገራችን ሰው "ሳይቃጠል በቅጠል" ይላል። እኔም በዚህች ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረው ሙቀት ከትንሽና ከአሮጌ አፓርትማ በየት በየት እንደሚሸሽ፣ የትኛው ጥገና በርካሽ እንደሚመልሰው፣ ምን ብናደርግ ደግሞ ለሕይወታችን እንደሚያሰጋ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቤቶቹ ለምን እንዲህ ሆኑ?

ብዙ ወገኖቻችን የሚከራዩት በከተማዋ ሰሜን ምሥራቅ፣ በሞርስ ሮድና በክሊቭላንድ አቬኑ አካባቢ ነው። ኖርዝላንድ ሞል እ.ኤ.አ. በ1964 ተከፍቶ በ2002 እስኪዘጋ ድረስ የዚያ ሰፈር እምብርት ነበር፤ በዙሪያው ያሉት ብዙዎቹ አፓርትማዎችም የዚያ ዘመን ሥራ ናቸው። ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ በፊት ጋዝና መብራት ርካሽ ስለነበሩ ግንበኛው ስለ ሙቀት ብዙም አይጨነቅም ነበር። መስኮቱ ነጠላ መስታወት፣ ግድግዳው ስስ፣ በሩ የላላ ቢሆን ማሞቂያው ያካክሰዋል ይባል ነበር።

ከተማዋ ዋጋውን የከፈለችው ብዙም ሳይቆይ ነው። በ1977 ክረምት የተፈጥሮ ጋዝ እጥረት በመከሰቱ አብዛኞቹ የኮሎምበስ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለአንድ ወር ያህል ተዘግተው ልጆቹ በቴሌቪዥን፣ በሬዲዮና በጋዜጣ ተምረዋል። በዚያው ፌብሩዋሪ ፕሬዚዳንት ካርተር ሹራብ ለብሰው በቴሌቪዥን ቀረቡና ሕዝቡ ቤቱን ቀን በ65፣ ሌሊት በ55 ዲግሪ ፋራናይት እንዲይዝ ለመኑ። ከዚያ ወዲህ የግንባታ ደንቡ ጠበቅ ብሏል። ቀድመው የተሠሩት ቤቶች ግን ዛሬም ቆመዋል፤ ኪራያቸው ቀለል ስለሚል አዲስ መጪው የሚያርፈው እዚያ ነው።

መጀመሪያ ቢሉን እናንብብ

ጋዙ በኮሎምቢያ ጋስ፣ መብራቱ በኤኢፒ ኦሃዮ ይመጣል እንበል። በቢሉ ላይ ሁለት ዓይነት ሒሳብ አለ። አንደኛው ምንም ብትቆጥቡ የማይቀንስ ወርሃዊ ክፍያ ነው። ሁለተኛው በፍጆታ ልክ የሚታሰብ ነው። ማሞቂያችሁ በጋዝ ከሆነ የጁላይንና የጃንዋሪን ፍጆታ አነጻጽሩ። የጁላዩ ለሙቅ ውኃና ለምግብ ማብሰያ ነው። ጁላይ 12፣ ጃንዋሪ 112 ሲሲኤፍ፣ ማለትም መቶ ኪዩቢክ ጫማ በሚባለው መለኪያ፣ ከተጠቀማችሁ 100 ያህሉ የሄደው ለማሞቂያ ነው። ልንቀንስ የምንችለው በዋናነት እርሱን ነው።

ቤት ስትከራዩም የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ "ማሞቂያው በጋዝ ነው በኤሌክትሪክ?" ይሁን። አንድ ሲሲኤፍ ጋዝ ወደ 30 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ሙቀት አለው። ያረጀ ፈርነስ ከዚያ 80 በመቶውን ለቤቱ ቢሰጥ 24 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ለምሳሌ አንድ ኪሎዋት ሰዓት በ16 ሳንቲም ብናስብ ይህንኑ ሙቀት በግድግዳው ግርጌ ከተዘረጋው ቤዝቦርድ ከሚባለው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ለማግኘት 3 ዶላር ከ84 ሳንቲም እንከፍላለን። ጋዙ 1 ዶላር ከ30 ቢሆን ልዩነቱ ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። በእናንተ ቢል ላይ ያለውን ዋጋ አስገብታችሁ አስሉት። ኪራዩ በ50 ዶላር የረከሰ ቤት በክረምት ከዚያ በላይ ሊያስከፍል ይችላል። ከላይ፣ ከታችና ከጎን ጎረቤት ያለው ቤትም ከጥጉ ቤት ይልቅ ይሞቃል፤ ወደ ውጭ የሚያይ ግድግዳው ትንሽ ነውና።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። በኦሃዮ ጋዝና መብራት ከሌላ ሻጭ መግዛት ስለሚቻል፣ በር አንኳኩቶ "ቢልህን አሳየኝ" የሚል ነጋዴ ይመጣል። የሒሳብ ቁጥራችሁን ከማሳየታችሁ በፊት ዋጋው ቋሚ ነው ተለዋዋጭ፣ ለስንት ወር ነው፣ ቢፈርስ ቅጣት አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

የጋቢ ሳይንስ

ጋቢ ለምን ያሞቃል? ራሱ ሙቀት ስለሚያመነጭ አይደለም። በጥጡና በአራቱ ድርብ መካከል አየር ታስሮ ስለሚቀር ነው። ያልተንቀሳቀሰ አየር ሙቀትን በቀላሉ አያሳልፍም። ነገር ግን ጋቢ ለብሳችሁ ነፋስ ያለበት ኮረብታ ላይ ብትቆሙ ነፋሱ የታሰረውን አየር ጠርጎ ይወስድባችኋል። ለቤትም ሁለቱ ሕጎች ይኸው ናቸው፤ በመጀመሪያ ነፋሱን ማገድ፣ ቀጥሎ አየር ማሰር።

ከበሩ ሥር ያለ 3 ሚሊሜትር ክፍተት ከንቱ ይመስላል። በሩ 90 ሴንቲሜትር ስፋት ካለው ግን ክፍተቱ ተደምሮ የቡና ሲኒ አፍ የሚያህል ቀዳዳ ይሆናል። በግድግዳችሁ ላይ እንዲህ ያለ ቀዳዳ ብታዩ በዚያው ቀን ትደፍኑት ነበር። የሞቀ አየር ወደ ላይ እየወጣ በላይኛው ስንጥቅ ያመልጣል፤ በምትኩ ብርዱ ከታች ይገባል። የገጠሩ ጎጆ ጭሱን በሣር ክዳኑ በኩል የሚያስወጣው በዚሁ መንገድ ነው።

ቀዳዳውን ለማግኘት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ነፋስ ባለበት ቀን አንድ ሰንደል ለኩሱና ከመጋረጃ እያራቃችሁ በበሩ፣ በመስኮቱና በሶኬቱ ዙሪያ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። ጭሱ ቀጥ ብሎ ከወጣ ደህና ነው፤ ከተበተነ ወይም ከተጎተተ ቀዳዳው እዚያ ነው።

ከዚያ ከበሩ ሥር የጎማ መጥረጊያ፣ በበሩ ክፈፍ ላይ ተለጣፊ ስፖንጅ፣ በመስኮቱ ስንጥቅ ላይ በጸደይ ተላጥ የሚነሣ መድፈኛ፣ በውጭው ግድግዳ ሶኬቶች ክዳን ሥር ስስ ስፖንጅ ታደርጋላችሁ። በነጠላው መስታወት ላይ ደግሞ በባለሁለት ፊት ፕላስተር ተለጥፎ በፀጉር ማድረቂያ የሚወጠረውን ላስቲክ ልጠፉ። በመስታወቱና በላስቲኩ መካከል የሚታሰረው አየር ለመስኮቱ ጋቢ ነው፤ በመስታወቱ በኩል የሚወጣውን ሙቀት በግማሽ ገደማ ይቀንሰዋል። እነዚህ ሁሉ በማንኛውም የሕንጻ ዕቃ መደብር የሚገኙ ናቸው፤ ስትለቁም ቤቱን አያበላሹም። ለማምለጫ የሚያገለግለውን በርና መስኮት ግን እንዳይከፈት አድርጋችሁ አትድፈኑ።

ስለ ቴርሞስታቱ

ሙቀት የሚሸሸው በውስጥና በውጭ ባለው ልዩነት መጠን ነው። ውጭው 30 ዲግሪ ፋራናይት ሆኖ ቤቱን በ78 ብትይዙ ልዩነቱ 48 ነው። በ68 ብትይዙ 38 ይሆናል። ይህ ብቻውን ለማሞቂያ የሚሄደውን ሙቀት በአንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንሳል። "ሲያጠፉት መልሶ ለማሞቅ ይበልጥ ይበላል" የሚባለው ስሕተት ነው። ሌሊት ወይም ሥራ ስትሄዱ ለ8 ሰዓት ከ7 እስከ 10 ዲግሪ ብትቀንሱ በዓመት እስከ 10 በመቶ እንደሚቆጠብ የአሜሪካ ኢነርጂ መሥሪያ ቤት ይመክራል። ቶሎ እንዲሞቅ ብሎ ወደ 85 ማድረስም አይጠቅምም፤ ፈርነሱ በዚያው ፍጥነት ነው የሚሠራው። ፈጽሞ ማጥፋት ግን ቧንቧ ያፈነዳል። ሕፃንና አረጋዊ ያለበት ቤትም እጅግ መቀዝቀዝ የለበትም። እናትና አባት ከአገር ቤት ሲመጡ የሚቀመጡበትን ክፍል ሞቅ አድርጉላቸው፤ ቁጠባው ከቀዳዳው ይምጣ።

ሂተርና ከሰል

"በሳንቲም ቤት የሚያሞቅ" እየተባለ የሚሸጠው ተንቀሳቃሽ ሂተር ተአምር የለውም። 1,500 ዋት የሚበላ ሁሉ፣ ባለ 30 ዶላሩም ባለ 300ውም፣ እኩል ሙቀት ይሰጣል። በቀን 10 ሰዓት ለአንድ ወር ቢበራ 450 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ በ16 ሳንቲም ሒሳብ 72 ዶላር። ከተጠቀማችሁበት በቀጥታ በግድግዳው ሶኬት ሰኩት እንጂ በኤክስቴንሽን ገመድ አይሁን።

ከሁሉ የሚከፋው ከሰል ማንደድና የጋዝ ምድጃውን ኦቨን ከፍቶ ቤት ማሞቅ ነው። አገር ቤት የከሰል ምድጃ ዙሪያ ተሰብስበን ያደግን ሰዎች ነንና አደጋው አይታየንም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ያመጣና እንቅልፍ ላይ እያለን ይገድላል። ቀዳዳውን በደፈንን ቁጥር አደጋው ይበልጣል። ስለዚህ ለቡናው የኤሌክትሪክ ምድጃ ይበቃል። መኝታ ቤት አጠገብ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ስቀሉ። እርሱ ከጮኸ ሁላችሁም ወደ ውጭ ወጥታችሁ 911 ደውሉ። ለፈርነሱና ለውኃ ማሞቂያው አየር የሚያስገባውንና ጭስ የሚያስወጣውን ቀዳዳም ፈጽሞ አትንኩ።

አከራዩና እርዳታው

የኦሃዮ ሕግ አከራዩ ያቀረበውን ማሞቂያ በደህና ሁኔታ እንዲይዝ ያስገድደዋል። ከተበላሸ በጽሑፍ አሳውቁና ቅጂውን ያዙ። ባይጠግን ኪራይ ዝም ብላችሁ አታቋርጡ፤ ያ ለማስወጣት ምክንያት ይሆነዋል። ሕጉ፣ ከጥቂት ክፍል ያላቸው አነስተኛ አከራዮች በስተቀር፣ ኪራዩን ለፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ማስያዝን ይፈቅዳል።

ገቢው ዝቅ ላለ ቤተሰብም መንገድ አለ። ሂፕ የሚባለው የማሞቂያ ድጋፍ ለተከራይም ይሰጣል፤ በኮሎምበስ ኢምፓክት ኮሚዩኒቲ አክሽን ያመለክቱበታል። ፒፕ ፕላስ ወርሃዊውን ክፍያ ከገቢ ጋር ያያይዛል። የኮሎምቢያ ጋስ ዋርም ቾይስ ደግሞ ለሚገባው ደንበኛ ቤቱን በነፃ ይደፍናል፤ ለተከራይ የባለቤቱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ማስጠንቀቂያ እስኪመጣ አትጠብቁ፤ አገልግሎቱ ከተቋረጠ በኋላ መሯሯጥ ይከብዳል።

እንግዲህ በመጪው እሑድ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰንደል ለኩሳችሁ ቤታችሁን ዙሩት። ልጆቹም ይከተሏችሁ፤ ጭሱ የሚጎተትበትን ቦታ እነርሱ ቀድመው ያዩታል። ቀዳዳው የሲኒ አፍ ቢያህልም ከርሞ ከርሞ ብዙ ገንዘብ ይጠጣል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ሙቅ ክረምት ያድርግልን። ቸር ይግጠመን።