«ጥንካሬ» ለሦስት ነገር፦ በጨዋማ ሙሙት ውስጥ ስላሉ ኦርጋኒክ አሲዶች ስያሜ

በመቀሌ ገበያ፣ በቀዳማይ ወያነ ክፍለ ከተማም ሆነ በሌላው፣ «ጨው» ሲባል ሰው ሁሉ የሚረዳው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ከአፋር ረባዳ ምድር፣ ከአሳሌ ሐይቅ ዳር እየተቆረጠ በበራሕሌ በኩል ለዘመናት በግመል ሲጓጓዝ የኖረው አሞሌ ነው። ለኬሚስት ግን ጨው የመደብ ስም ነው፤ አሲድና ቤዝ ተዋሕደው የሚያስገኙት፣ ከአዮኖች የተሠራ ውህድ ሁሉ ጨው ይባላል። እንዲህ ያለው የትርጉም መስፋት ብዙ አይጎዳም፤ ዐውዱ ይለየዋልና። የሚጎዳው ለሦስት ልዩ ልዩ ጽንሰ ሐሳቦች አንድ ቃል መመደብ ነው። «ጥንካሬ» የገጠመው ዕጣ ይህ ነው።

፩. ስለ አሲድና ቤዝ

በላቲን፣ በጀርመንኛና በዐረብኛ የአሲድ ስም የተወሰደው ከጣዕም ነው። በዚህ መንገድ ብንሄድ በአማርኛ «ሆምጣጣ»፣ በትግርኛ «መጺጽ» ይመጡልን ነበር። ነገር ግን ብሮንስቴድና ላውሪ እ.ኤ.አ. በ1923 ለየብቻቸው ባቀረቡት ፍች አሲድ ማለት ፕሮቶን ሰጪ፣ ቤዝ ማለት ፕሮቶን ተቀባይ ነው። በዚህ ፍች መሠረት የአሞኒየም አዮን አሲድ ነው፤ ሆምጣጣ ግን አይደለም። ስለዚህ «አሲድ» የሚለው የውጭ ቃል ቢጸና ይሻላል። «ቤዝ»ንም «መሠረት» ብሎ መተርጎም ቃሉን እንጂ ፍቹን አያስተላልፍም።

፪. ስለ «ጥንካሬ»

በትርጉም ሥራ «ጥንካሬ» አንድም አሲዱ ፕሮቶኑን ለመስጠት ያለውን ዝንባሌ፣ አንድም በሙሙቱ ውስጥ ያለውን የአሲድ ብዛት፣ አንድም በሙሙቱ ውስጥ ያሉ አዮኖች ሁሉ በድምር የሚያሳድሩትን ተጽዕኖ ሊያመለክት ይችላል። የሆምጣጤ አሲድ በመጀመሪያው ፍች ደካማ ነው፤ ውሃ ያልተቀላቀለበት ሲሆን ግን ቆዳ ያቃጥላል። በጠርሙሱ ላይ «ደካማ አሲድ» የሚለውን ብቻ አንብቦ እጁን የሚነክር ተማሪ የሚጎዳው በኬሚስትሪው ሳይሆን በተርጓሚው ነው። በአንጻሩ በጨጓራችን የሚገኘው ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ብርቱ ቢሆንም የተበረዘ ነው።

፫. ጨው ሲጨመር

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው በጨዋማ ውሃ ነው። የሆምጣጤ አሲድ በ25 ዲግሪ ሴልሲየስ፣ ጨው በሌለበት እጅግ በተበረዘ ሙሙት፣ ግማሹ ፕሮቶኑን ሰጥቶ የሚገኘው ፒኤች 4.76 ሲሆን ነው። በአንድ ሊትር ግማሽ ሞል የገበታ ጨው ቢሟሟ ይህ ቁጥር ወደ 4.5 ገደማ ይወርዳል፤ አሲዱ ወደ ሁለት እጥፍ ገደማ የበረታ ይመስላል። አሲዱ ግን አልተለወጠም። የተለያዩትን ፕሮቶንና አሲቴት የጨው አዮኖች ስለሚከቧቸው መልሰው የመገናኘት ዝንባሌያቸው ይቀንሳል። ጨው እጅግ ሲበዛ ደግሞ አዮኖቹ ውሃውን ለራሳቸው ስለሚይዙት ቁጥሩ ተመልሶ ይወጣል። ለአሞኒየምና ለአሚኖች ነገሩ ሌላ ነው። ፖዘቲቭ አዮን ፕሮቶኑን ሲሰጥ የቻርጁ ድምር በአንድ ወገን ብቻ አይበዛም፤ ስለዚህ ጥቂት ጨው ብዙም አይለውጠውም።

፬. ስለ ፒኤች

ሶረንሰን እ.ኤ.አ. በ1909 ፒኤችን ሲፈጥር በሃይድሮጅን አዮን ክምችት ለካው፤ በ1924 ግን ከሊንደርስትሮም ላንግ ጋር ሆኖ ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1907 ባስገባው ሌላ መጠን ተካው። ይህ መጠን አዮኑ ስንት መሆኑን ሳይሆን እንደ ስንት ሆኖ እንደሚሠራ ይናገራል። በባሕር ውሃ፣ በኪሎ 35 ግራም ያህል ጨው ባለበት፣ ሁለቱ ይለያያሉ። በዳሎል ፍል ውሃዎች ግን ልዩነቱ ይገዝፋል። በዚያ ፒኤቻቸው ከዜሮ በታች የወረደ ኩሬዎች አሉ፤ በጨው በተሞላ ውሃ የሃይድሮጅን አዮን ከቁጥሩ በላይ ይሠራልና ንባቡን በቀጥታ ወደ ክምችት የሚመልስ ሰው ይሳሳታል። የአሳሌ ሐይቅ በአንጻሩ ጨዋማ ሆኖ ሳለ እንደ ዳሎል አሲዳማ አይደለም፤ ጨዋማነትና አሲዳማነት የተለያዩ ናቸው።

፭. ለውይይት የቀረቡ ስያሜዎች

ብርታት፦ አሲድ ፕሮቶን ለመስጠት ያለው ዝንባሌ። ብርቱ፣ ደካማ።
ክምችት፦ በአንድ ሊትር ሙሙት ውስጥ ያለ መጠን። የተበረዘ፣ ያልተበረዘ።
የአዮን ጫና፦ የአዮኖች ሁሉ ክምችት በቻርጃቸው ስኩዌር እየተባዛ ተደምሮ ለሁለት ሲካፈል የሚገኝ።
ገቢር ክምችት፦ ከክምችቱ በተግባር የሚሠራው ልክ።

«ገቢር» በሰዋስው «ተገብሮ»ን የሚቃረን የታወቀ ቃል ነው፤ ድርጊትን ማመልከቱ በኬሚስትሪም ስለሚያገለግል አዲስ ቃል መፍጠር አያሻም። «ጥንካሬ» ግን ለብረትና ለድንጋይ ቢተው ይበጃል። ተርጓሚ ከአራቱ አንዱን ከመጻፉ በፊት «የሚለካው ምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ቃሉን አይስትም።