ድረ ገጽ ዳስ አይደለም

ዳስ የሚጣለው ለሠርጉ ቀን ነው፤ ድግሱ ሲያልቅ ይፈርሳል። በየመሥሪያ ቤቱና በየማኅበሩ የሚሠራው ድረ ገጽም ብዙ ጊዜ የዳስ ዕድል ይደርሰዋል። በምረቃው ዕለት ያጌጣል፥ ይጨበጨብለታል፤ ዓመት ሳይሞላው ግን የሚጽፍበት ይጠፋል። ከሩቅ አገር ጉዳይ ይዞ የሚመጣ ሰውም አሮጌውን ማስታወቂያ አምኖ ገንዘቡንና ቀኑን ያባክናል። የዚህ ጥፋት ሥር አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ሥራው ሲጀመር በተደረገው ምርጫ ውስጥ ነው።

ምርጫውም የይዘት ማስተዳደሪያ ሥርዓት የሚባለውን ፕሮግራም የሚመለከት ነው። ይህ ፕሮግራም የኮምፒዩተር ቋንቋ ያልተማረ ሰው እንኳ ጽሑፍና ፎቶግራፍ በድረ ገጹ ላይ እንዲያወጣ፥ እንዲያርምና እንዲያነሣ ያስችለዋል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ድሩፓል በ2001፥ ዎርድፕረስ በ2003፥ ጁምላ በ2005 ለሕዝብ ቀረቡ። ሦስቱም ያለ ክፍያ የሚገኙ ሲሆኑ፥ ውስጣቸውን መርምሮ ማሻሻል ለማንም የተፈቀደ ነው።

እንግዲህ አንድ ወጣት ሹም ምረጥ ተብሎ ቢታዘዝ በመልክ መታለል የለበትም። መልክ በአንድ ቀን ይለወጣል። ከመልክ በፊት ሦስት ጥያቄዎች ሊጠየቁ ይገባል።

አንደኛው፥ ሠሪው ሒሳቡን ተቀብሎ ከሄደ በኋላ ማን ይጠብቀዋል? የሚል ነው። በኦክቶበር 2014 በድሩፓል ላይ ከባድ የደኅንነት ቀዳዳ ተገኘ። መድፈኛው ወዲያው ቢታደልም፥ በ7 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ያልደፈነ ሁሉ ድረ ገጹ እንደተደፈረ ይቍጠር ሲሉ የድሩፓል የደኅንነት ባለሙያዎች አስጠነቀቁ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው። ስለዚህ ከተመረጠው ሥርዓት ጋር በየጊዜው የሚያድሰው ሰውና በጀት አብሮ ይመደብ። እነዚህ ከሌሉ ጥበቃውን አከራዩ ኩባንያ ራሱ የሚያከናውንበት የኪራይ አገልግሎት ይሻላል።

ሁለተኛው፥ መልቀቅ ሲያስፈልግ ንብረትን ይዞ መውጣት ይቻላልን? የሚል ነው። ያሁ የተባለው ኩባንያ በ2009 ጂኦሲቲስ የተባለውን ነጻ የድረ ገጽ ሰፈር ሲዘጋ፥ ጽሑፋቸውን በጊዜ ያላወጡ ሰዎች ገጾቻቸው ከዚያ ተሰረዙ። ቤት መለወጥ ደግሞ ለማንም የማይቀር ነው፤ የአሜሪካው ዋይት ሀውስ እንኳ በ2009 የያዘውን ድሩፓል ትቶ በ2017 ወደ ዎርድፕረስ ተዛውሯል። ስለዚህ ከመፈረም በፊት ይዘቱ ሁሉ በፋይል ሊወጣ መቻሉን በዓይን ማየት፥ የድረ ገጹ ስምና የይለፍ ቃሉም በሠሪው ሳይሆን በመሥሪያ ቤቱ እጅ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው፥ አማርኛችንን ያውቃልን? የሚል ነው። ፊደላችን በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ቦታ ስላገኘ መጻፉ አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው ፍለጋው ነው። ለኮምፒዩተር «ሠራተኛ» እና «ሰራተኛ» ሁለት ልዩ ልዩ ቃላት ናቸው። በአንዱ የተጻፈውን ማስታወቂያ በሌላው የሚፈልግ ሰው ላያገኘው ይችላል። ይህን አስቀድሞ መሞከር አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፥ ለሁሉም የሚበጅ አንድ ሥርዓት አለመኖሩን ነው። ለአንድ መሥሪያ ቤት የሚበጀው፥ በውስጡ ያሉት ሁለት ወይም ሦስት ሠራተኞች ያለ ሠሪው እርዳታ ማስታወቂያ ሊያወጡበት የሚችሉት ነው። መራጩ ሹም ይህን በምረቃው ዕለት ሳይሆን ከመፈረሙ በፊት ይጠይቅ። ጭብጨባው ቢቀርም ባለጉዳዩ በከንቱ አይመላለስም።