ከዛፍ የሚቀዳ ጣፋጭ

የሰው ልጅ ምግቡንና መጠጡን የሚያጣፍጥበትን ነገር ከልዩ ልዩ ምንጮች ያገኛል። በኢትዮጵያ ከጥንት ጀምሮ የታወቀው ማር የንብ ድካም ውጤት ነው። ስኳር ደግሞ በወንጂና በመተሐራ እንደሚታዩት ባሉ ሰፋፊ እርሻዎች ከሚለማው የሸንኮራ አገዳ ተጨምቆ ይወጣል። በሰሜን አሜሪካ ግን ከማርም ከአገዳም የተለየ፣ ከቆመ ዛፍ ግንድ የሚቀዳ ሌላ ጣፋጭ አለ። ይህም በካናዳ ደቡብ ምሥራቅና በዩናይትድ ስቴትስ ሰሜን ምሥራቅ ከሚበቅለው፣ የስኳር ሜፕል ከሚባለው ዛፍ የሚሠራው የሜፕል ሽሮፕ ነው።

የሜፕል ቅጠል እንደ ተዘረጋ መዳፍ ባለ ጣት ነው። ከእ.ኤ.አ. 1965 ዓ.ም. ጀምሮ በካናዳ ሰንደቅ ዓላማ ላይ የሚታየው ቀይ ቅጠል የሜፕል ቅጠል ምስል ነው። በዓለም ከሚመረተው የሜፕል ሽሮፕ ውስጥ 70 በመቶ ያህሉ የሚገኘው በካናዳ፣ በኩቤክ ክፍለ ሀገር ነው። በዚያ የሚገኙት ትልልቅ አምራቾች በሺህ የሚቆጠሩ ዛፎችን በፕላስቲክ ቱቦ አያይዘው ፈሳሹን በሞተር ኀይል እየሳቡ ወደ አንድ ማጠራቀሚያ ያወርዱታል። ከእነርሱ ጎን ለጎን ግን በጓሮአቸው ወይም በእርሻቸው ዳርቻ ካሉት ጥቂት ዛፎች ለቤታቸው የሚበቃቸውን ብቻ የሚያዘጋጁ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው።

ይህን ጥበብ የጀመሩት አውሮፓውያን አይደሉም። እነርሱ ወደ ሰሜን አሜሪካ ከመድረሳቸው በፊት እንደ አኒሺናቤ ያሉ ነባር ሕዝቦች የሜፕልን ግንድ ጫር አድርገው የሚወርደውን ፈሳሽ ከዛፍ ቅርፊት በተሠራ ዕቃ ያጠራቅሙ ነበር። ሌሊት ፈሳሹ በቅዝቃዜ ሲረጋ፣ ከላይ የሚጋገረው በረዶ አብዛኛው ጣዕም የሌለው ውሃ መሆኑን ስለ ተገነዘቡ፣ እርሱን እያነሡ በመጣል የቀረውን ክፍል ያጣፍጡታል። ቀጥሎም በእሳት እያፈሉ ወደ ስኳርነት ይለውጡታል። የአውሮፓ ሰፋሪዎች ሙያውን የተማሩት ከእነዚህ ሕዝቦች ነው።

በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ይህ የቤተሰብ ሥራ ከምግብነት ያለፈ ትርጉም ተሰጥቶት ነበር። በዚያን ጊዜ የአገዳ ስኳር በካሪቢያን ደሴቶች ይመረት የነበረው በባርነት በተያዙ አፍሪካውያን ጉልበት ነበር። ቶማስ ጄፈርሰን እ.ኤ.አ. በ1790 ዓ.ም. በጻፈው ደብዳቤ፣ የልጆች ጉልበት ብቻ የሚበቃው የሜፕል ስኳር፣ ያለ ባሪያ ጉልበት አይገኝም ይባል የነበረውን ስኳር ቢተካ ትልቅ በረከት እንደሚሆን ገልጾአል። ሐኪሙ ቤንጃሚን ረሽም በተከታዩ ዓመት ይህንኑ ሐሳብ የሚደግፍ ሰፊ ደብዳቤ ለጄፈርሰን ጻፈ። ይሁን እንጂ ጄፈርሰን ራሱ ብዙ ሰዎችን በባርነት የያዘ ጌታ ነበር፤ በቨርጂኒያ እርሻው ያስተከላቸው የሜፕል ችግኞችም አብዛኞቹ አልጸደቁም። የአገዳ ስኳር ዋጋው እየረከሰ ሲሄድ ዕቅዱ መና ቀረ። ሆኖም ያ ሐሳብ የተመሠረተበት እውነት ዛሬም አልተለወጠም፤ ወላጆችና ልጆች በገዛ እጃቸው ብቻ ከዛፉ ሽሮፕ ለመሥራት ይችላሉ።

ለመሆኑ ፈሳሹ ከግንዱ የሚወጣው እንዴት ነው? የሜፕል ዛፍ በሞቃቱ ወራት ቅጠሎቹ ከፀሐይ ብርሃን የሚሠሩለትን ምግብ በስታርች መልክ በግንዱና በሥሩ ያከማቻል። የበረዶው ወቅት ወደ ማለቂያው ሲቃረብ ይህ ስታርች ወደ ስኳርነት ተለውጦ በዛፉ ውሃ ውስጥ ይሟሟል። ሌሊት ቅዝቃዜው ከ0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ በግንዱ ውስጥ ያለው አየር ይኮማተራል፤ ውሃውም ይረጋል፤ ግንዱም ከሥሩ በኩል ተጨማሪ ውሃ ይስባል። ቀን ፀሐይ ወጥታ ሙቀቱ ከ0 ዲግሪ ከፍ ሲል ግን በረዶው ይቀልጣል፤ የተጨመቀው አየር ይለጠጥና ውሃውን ገፍቶ ባገኘው ቀዳዳ ያስወጣዋል። ስለዚህ ሌሊቱም ቀኑም ከቀዘቀዘ ፈሳሹ አይወርድም፤ ሁለቱም ከሞቁ ደግሞ ይቆማል። የሚፈለገው ቀዝቃዛ ሌሊትና ሞቃት ቀን ሲፈራረቁ ነው። ይህም የሚሆነው ከየካቲት መጨረሻ እስከ ሚያዝያ ባሉት ከአራት እስከ ስድስት በሚሆኑ ሳምንታት ውስጥ ነው።

የቤተሰቡ ዝግጅት ግን ከዚያ ብዙ ወራት ቀደም ብሎ ይጀምራል። በበረዶው ወራት ዛፎቹ ሁሉ ቅጠላቸውን አራግፈው ራቁታቸውን ስለሚቆሙ ሜፕሉን ከሌላው ለመለየት ያስቸግራል። ስለዚህ ቅጠሉ ሳይረግፍ ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር እየዞሩ በሚመረጡት ግንዶች ላይ ባለ ቀለም ጨርቅ ያስራሉ። የሚመረጠው ዛፍ ጤናማ፣ ግንዱም ከዳር እስከ ዳር ሲለካ ቢያንስ 25 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው መሆን አለበት። አንድ ዛፍ እዚህ ውፍረት ላይ ለመድረስ 40 ዓመት ያህል ይፈጅበታል። እንግዲህ ልጆቹ ዛሬ የሚቀዱት ዛፍ እነርሱ ከመወለዳቸው አስቀድሞ የበቀለ፣ ምናልባትም አያቶቻቸው ሳይቆርጡ ያቆዩላቸው ነው ማለት ነው።

ጊዜው ሲደርስ በግንዱ ላይ፣ ልጅም ሊደርስበት በሚችል ከፍታ፣ ስፋቱ 8 ሚሊ ሜትር፣ ጥልቀቱ ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቀዳዳ በመሰርሰሪያ ይበሳል። ፈሳሹ በቀላሉ እንዲወርድ ቀዳዳው ከውስጥ ወደ ውጭ በጥቂቱ ያዘነበለ ይደረጋል። ከዚያም ትንሽ የብረት ወይም የፕላስቲክ አሸንዳ ቀስ ተብሎ ይገባበትና ባልዲ ይንጠለጠልበታል፤ ባልዲውም ዝናብና ነፍሳት እንዳይገቡበት ይከደናል። አሮጌ ባልዲ በእርሳስ የተበየደ ከሆነ መርዙ ወደ ፈሳሹ ስለሚገባ አያገለግልም። መካከለኛ ውፍረት ባለው ዛፍ ላይ የሚበሳው አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው። በሚቀጥለው ዓመትም ቀዳዳው ከአሮጌው ራቅ ብሎ በሌላ ስፍራ ይበሳል፤ ምክንያቱም ዛፉ ቁስሉን ከውጭ ቢሸፍነውም በቀዳዳው ዙሪያ ያለው እንጨት ዳግመኛ ውሃ አያሳልፍም።

ከአሸንዳው ጠብ ጠብ የሚለውን ፈሳሽ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀምስ ሰው ይገረማል። መልኩ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ፣ ጣፋጭነቱም እምብዛም የማይታወቅ ነው፤ በውስጡ ያለው ስኳር ከመቶው 2 እጅ ያህል ብቻ ነውና። አንድ ሊትር ሽሮፕ ለማግኘት 40 ሊትር ያህል ፈሳሽ ማፍላት የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ቀዳዳ በጠቅላላው ወቅት የሚሰጠው ፈሳሽም ብዙውን ጊዜ ከዚህ መጠን አይርቅም። ስለዚህ ከአምስት ዛፎች አምስት ሊትር ያህል ሽሮፕ ያገኘ ቤተሰብ መልካም ዓመት አሳልፎአል ይባላል።

ሥራው ለሁሉም እንደየዐቅሙ ይከፋፈላል። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በበረዶው ላይ እየተራመዱ ባልዲዎቹን ይዞራሉ፤ የተጠራቀመውንም ወደ ትልቅ ጋን ይገለብጣሉ። ታላላቆቹ እንጨት ይፈልጣሉ፤ ማንደጃውንም ያሰናዳሉ። ፈሳሹ እንደ ወተት ቶሎ የሚበላሽ ስለ ሆነ በቀዝቃዛ ስፍራ ይቀመጣል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም መፍላት አለበት። ማፍላቱ የሚከናወነው ከቤት ውጭ ነው። ከ40 ሊትር ውስጥ 39ኙ በእንፋሎት መልክ የሚወጣ በመሆኑ፣ በማድ ቤት ውስጥ ቢፈላ እንፋሎቱ ግድግዳውንና ጣሪያውን አርሶ ያበላሻል።

ፈሳሹ የሚፈላው አፈ ሰፊና ዝቅ ባለ የብረት ዕቃ ነው፤ አፉ በሰፋ መጠን ውሃው ቶሎ ይተናል። ዕቃው እየጎደለ ሲሄድ አዲስ ፈሳሽ ይጨመርበታል፤ እሳቱም ያለ ማቋረጥ ይነድዳል። አረፋው ተነሥቶ ሊገነፍል ሲል አንዲት ጠብታ ቅቤ ጣል ቢያደርጉበት ወዲያውኑ ይበርዳል። ጠዋት የተጣደው ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ከመሸ በኋላ ነው። የሽሮፑ ወርቃማ ወይም ቡናማ መልክና የተለየ ጣዕሙ የሚመጡትም በዚህ ረጅም መፍላት ነው እንጂ ከዛፉ ሲወርድ አልነበሩም።

ከሥራው ሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚጠይቀው የመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ነው። ፈሳሹ እየወፈረ ሲሄድ ሙቀቱ በፍጥነት ይጨምራል፤ ለጥቂት ደቂቃ ዐይን ከእርሱ ቢነሣ ያርራል፤ የብዙ ቀናት ድካም ከነዕቃው ይጠፋል። ስለዚህ በዚህ ጊዜ ወደ ትንሽ ድስት ይገለበጥና አንድ ሰው ምንም ሌላ ሥራ ሳይይዝ ይጠብቀዋል። የጋለ ሽሮፕ ከፈላ ውሃ ይልቅ ክፉኛ ስለሚያቃጥል ሕፃናት ከእሳቱ እንዲርቁ ይደረጋል። ሽሮፑ ደረሰ የሚባለው ሙቀቱ ውሃ ከሚፈላበት ሙቀት በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲበልጥ ነው። ይህም በባሕር ጠለል ላይ 104 ዲግሪ ያህል ይሆናል። ይሁን እንጂ ውሃ የሚፈላበት ሙቀት እንደ ቦታው ከፍታ ይለያያል፤ ለምሳሌ እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍተኛ ስፍራ 92 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ጠንቃቃ ሠራተኛ አስቀድሞ ቴርሞሜትሩን በፈላ ውሃ ውስጥ ነክሮ ይመለከታል። ቴርሞሜትር ያልለመዱ አያቶች ግን ጭልፋውን ነክረው ወደ ላይ ያነሡታል፤ ሽሮፑ በጠብታ መውረዱን ትቶ ከጭልፋው ጠርዝ እንደ ስስ ጨርቅ ሲንጠለጠል መድረሱን ያውቃሉ።

በደረሰ ሽሮፕ ውስጥ ከመቶው 66 ወይም 67 እጅ ስኳር ይገኛል። ከዚህ ከቀጠነ ይሻግታል ወይም ይኮመጥጣል፤ ከዚህ ከወፈረ ደግሞ ስኳሩ በጠርሙሱ ውስጥ ይጠጥራል። ገና ትኩስ ሳለ በወፍራም የሱፍ ጨርቅ ይጠለላል፤ ይህም ከዛፉ ውሃ ጋር የመጣውን፣ አሸዋ የሚመስለውን ማዕድን ለማስወገድ ነው። ከዚያም ሳይቀዘቅዝ በንጹሕ ጠርሙስ ተሞልቶ ይታሸጋል። በዚያች ምሽት ልጆች የሚጠብቁት ደመወዝ አላቸው። ጥቂት ሽሮፕ ከተለመደው ይበልጥ እንዲወፍር ይደረግና በንጹሕ በረዶ ላይ ይፈስሳል፤ ወዲያውም ረግቶ የሚለጠጥ ከረሜላ ይሆናል፤ በእንጨትም ተጠቅልሎ ይበላል።

ቀኖቹ እየሞቁ ሲሄዱ የሽሮፑ መልክ እየጠቆረ፣ ጣዕሙም እየበረታ ይመጣል። በመጨረሻ በቅርንጫፎቹ ጫፍ እንቡጥ ማበጥ ሲጀምር የፈሳሹ ጣዕም ይለወጣል፤ ደስ የማይል ሽታም ያመጣል። ያን ጊዜ አሸንዳው ይነቀላል፤ ባልዲው ይታጠባል፤ ቀዳዳውም እንዲድን ለዛፉ ይተዋል። ከዚያ በኋላ በዛፉ ውስጥ የቀረው ስኳር የሰው አይደለም፤ ዛፉ አዲስ ቅጠል የሚያወጣበት ስንቁ ነው።

በኢትዮጵያም ዛፍን እያቆሰሉ ጥቅም ማግኘት የታወቀ ሥራ ነው። በትግራይ፣ በመተማና በቤኒሻንጉል ቆላማ አካባቢዎች በሚበቅለው የዕጣን ዛፍ ላይ ቅርፊቱ በደረቁ ወራት በስለታም መሣሪያ እየተፋቀ፣ የሚወጣው ሙጫ ሲደርቅ ዕጣን ሆኖ ይለቀማል። ቁስሉ ሲበዛና ዛፉ ዕረፍት ሲያጣ ግን ኀይሉ ይደክማል፤ ጥሩ ዘርም አያፈራም። በዚህ ላይ ሰደድ እሳት፣ ልቅ ግጦሽና የእርሻ መስፋፋት ሲጨመሩበት፣ ሽማግሌ ዛፎች ብቻ ቆመው ተተኪ ችግኝ የማይታይባቸው የዕጣን ደኖች ተፈጥረዋል። በሰሜን አሜሪካም ቢሆን የአየር ሙቀት መጨመር ቀዝቃዛውን ሌሊትና ሞቃቱን ቀን እያዛባ ስለሆነ ዛፉ የሚቀዳበት ወቅት የቀድሞውን ጊዜ መጠበቁ አስተማማኝ አይደለም።

የእንጨቱና የድካሙ ዋጋ ቢታሰብ አምስት ጠርሙስ ሽሮፕ ከገበያ መግዛት ይቀል ይሆናል። ቤተሰቡ ሥራውን በየዓመቱ የሚደግመው ግን ለጠርሙሱ ብቻ ብሎ አይደለም። አርባ ባልዲ ተሸክሞ አንድ ባልዲ ብቻ የተረፈው ልጅ በምግቡ ላይ የሚያፈስሳት እያንዳንዷ ጠብታ ምን ያህል ድካም እንደ ጠየቀች ያውቃል። ቀዳዳው አንድ እንዲሆን፣ እንቡጡ ሲያብጥም ሥራው እንዲቆም የታዘዘው ለምን እንደ ሆነም ይገባዋል። ማር ቆራጭ ለንቡ ሳያስቀር ሁሉን ቢቆርጥ ቀፎው ባዶ እንደሚቀር ሁሉ፣ ዛፉንም ያለ ልክ የቀዳ ሰው የሚያሳጣው ራሱን ብቻ ሳይሆን ከ40 ዓመት በኋላ ባልዲ ይዞ የሚመጣውን ልጅም ጭምር ነው።