ዓይነ ስውራን ባለሙያዎች በዌቢናር፦ ከአዘጋጁና ከአቅራቢው ምን ይጠበቃል?

በኢንተርኔት የሚካሄደው ሴሚናር ወይም ዌቢናር፣ በተለይም የኮቪድ-19 ወረርሽኝ ከተከሰተበት ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ የጤና ባለሙያዎች ዕውቀታቸውን የሚያድሱበት አንዱ መንገድ ሆኗል። ከተሳታፊዎቹ መካከል ማየት የተሳናቸው የፊዚዮቴራፒ፣ የሥነ ልቦናና የጤና ትምህርት ባለሙያዎች፣ እንዲሁም በሥራ ላይ ሳሉ ብርሃናቸውን ያጡ ሐኪሞች ሊኖሩ ይችላሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህ ባልደረቦች ከትምህርቱ የሚቀሩበትን ምክንያትና መፍትሔውን ማስገንዘብ ነው።

ዓይነ ስውራን በኮምፒዩተር የሚገለገሉት ስክሪን ሪደር በተባለው፣ ጽሑፍን ወደ ድምፅ በሚለውጥ ፕሮግራም ነው። ጆውስ እና በነጻ የሚገኘው ኤንቪዲኤ በሰፊው የታወቁ ሲሆኑ፣ ኤንቪዲኤ የሚጠቀምበት ኢስፒክ ኤንጂ አማርኛንም ያነባል። ተጠቃሚው ሥራውን የሚያከናውነው በማውዝ ሳይሆን በኪቦርድ ነው። ለምሳሌ በዊንዶውስ በሚሠራው ዙም ላይ አልት እና ኤ የሚባሉት ቁልፎች በአንድነት ሲጫኑ ማይክሮፎኑ ይከፈታል ወይም ይዘጋል፤ አልት እና ዋይ ደግሞ እጅ የማንሣት ምልክት ያሳያሉ።

ዋናው ችግር የሚፈጠረው አቅራቢው ስላይዱን ሲያጋራ ነው። ስላይዱ ለተሳታፊው የሚደርሰው በተንቀሳቃሽ ምስል መልክ በመሆኑ ስክሪን ሪደሩ ሊያነበው አይችልም። አቅራቢው «የመድኃኒቱ መጠን በሠንጠረዡ እንደምትመለከቱት ነው» ብሎ ሲያልፍ፣ ዓይነ ስውሩ ባለሙያ የትምህርቱን ዋና ፍሬ ነገር ያጣል። ጉዳቱም በእርሱ ብቻ ሳይወሰን ለሚያገለግለው ሕመምተኛ ሊተርፍ ይችላል።

ሌሎችም እንቅፋቶች አሉ። የጽሑፍ መልእክት በደረሰ ቁጥር ስክሪን ሪደሩ ስለሚያነበው ከአቅራቢው ድምፅ ጋር ይደባለቃል። ስም ያልተሰጣቸው የፕሮግራሙ ቁልፎች «ቁልፍ» ተብለው ብቻ ይነበባሉ። ዩኒኮድን ባልተከተሉ የቆዩ ፎንቶች የተተየበ አማርኛ ለዓይን ትክክል ቢመስልም፣ በኮምፒዩተሩ ውስጥ የተመዘገበው በላቲን ፊደላት መለያ ስለሆነ ትርጉም የለሽ ሆኖ ይሰማል።

በመሆኑም የሚከተሉትን እርምጃዎች መውሰድ ተገቢ ነው፦

1. ስላይዱን በዩኒኮድ በተተየበ ጽሑፍ አዘጋጅቶ አስቀድሞ መላክ፤
2. በስላይዱ ላይ ያለውን አኃዝ በቃል መናገር፣ የራጅ ወይም የልብ ምት ንድፍ ሲታይ የሚያመለክተውን መግለጽ፤
3. በጽሑፍ የሚቀርቡ ጥያቄዎችን አወያዩ በየተራ እንዲያነባቸው ማድረግ፤
4. የምዝገባውንና የፈተናውን ቅጽ በኪቦርድና በስክሪን ሪደር ብቻ፣ የሚቻል ከሆነም ከዓይነ ስውር ባልደረባ ጋር፣ አስቀድሞ መሞከር።

ኢትዮጵያ በ2010 እ.ኤ.አ. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 9 የመረጃና የመገናኛ ተደራሽነትን፣ በአንቀጽ 24 የዕድሜ ልክ ትምህርትን ይደነግጋል። ይሁንና ከላይ የተዘረዘሩትን ለመፈጸም የሚያስፈልገው ከፍተኛ ወጪ ሳይሆን አስቀድሞ ማሰብ ነው። ሠንጠረዡን በቃል የሚያነብ አቅራቢ፣ በስልኩ ጠባብ ገጽ ለሚከታተለውና የኢንተርኔት መሥመሩ ደካማ ለሆነበት የገጠር ጤና ባለሙያም ትምህርቱን አዳርሷል።